እርስ በርስ የሚጠራሩ ሁለት መጻሕፍት

እታለም የሞተችው ማክሰኞ ነው። እኔ ግን ከሰኞ ልጀምር፤ ሰኞ ምንም ያልሆነበት ቀን ስለነበር ለማውራት ይቀለኛል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የሠርግ መጥሪያ ካርድ እሠራ ነበር። የሙሽራው አባት ካርዱ ላይ ሁለት ርግብ፣ አንድ ቀለበት፣ አንድ እቅፍ አበባና የራሳቸውን ፎቶ እንዳስገባ አዘውኛል። ፎቶው ከገባ በኋላ ለርግቦቹ ማረፊያ ጠፍቶ ስጨነቅ እታለም ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ገባች።

እታለም የምላት ታላቅ እኅቴን የዝናን ነው። ከተማው መምህርት የዝና ይላታል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምር ነበር። እናታችን እኔ ገና በእግሬ ሳልሄድ ስላረፈች ያሳደገችኝም፣ ያስጠናችኝም፣ የገረፈችኝም እሷ ናት። ከሦስቱ ያልተሳካላት ማስጠናቱ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ማለቴ እስከ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ ማለቴ ነው።

ያን ቀን የመጣችው መጽሐፏን ልታሳየኝ ነበር። መጽሐፏን ስል አንድ አይምሰላችሁ፤ ሁለት ነው። አንዱ የተማሪው መጽሐፍ፣ ማብራሪያና ጥያቄ ያለበት። ሁለተኛው የመልስ መጽሐፍ። ሁለቱንም የጻፈችው ላቴክ በሚባል ነገር ነው።

ላቴክን ለማታውቁት ላስረዳችሁ። አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ብዙ ያበላሸ ሰው ማስረዳት ይወዳል። እኛ ጽሕፈት ቤት የምንሠራበት ፕሮግራም የጻፋችሁትን እዚያው ያሳያችኋል። ርግቧን እዚህ ካልኋት እዚህ ናት። ላቴክ እንዲህ አይደለም። ጽሑፉንና ትእዛዙን አንድ ላይ በተራ ፊደል ትጽፉና ታስኬዱታላችሁ። እሱ ገጹን ቆርጦ፣ ቁጥሩን ቆጥሮ፣ ያማረ መጽሐፍ አድርጎ ያወጣላችኋል። ካልተስማማው ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰድባችኋል።

እታለም ርግቦቼን ገፋ አድርጋ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተች። ሁለቱ መጻሕፍት እንደሚተዋወቁ ነገረችኝ። የተማሪው መጽሐፍ ‘ፍንጭ ካስፈለገህ የመልሱን መጽሐፍ ገጽ ይህን ያህል እይ’ ይላል። የመልሱ መጽሐፍም ‘ይህ የጥያቄ ይህን ያህል መልስ ነው’ ብሎ ይመልስለታል። በአጥር ላይ እንደሚጠራሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ጥያቄዎቹ ራሳቸው የተጻፉት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከዚያው እየቀዱ ይወስዳሉ።

«ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስም አወጣለታለሁ» አለችኝ። «ስሙን ስጠራው ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። ምዕራፍ ቢጨመር ገጽ ቢቀነስ እሱ ራሱ ያስተካክለዋል። አንተ ብቻ አደራ፣ ሲታተም ቁጥር በእጅህ እንዳትጽፍ።»

«እሺ» አልሁ፣ አንዷን ርግብ በሙሽራው አባት ትከሻ ላይ እያስቀመጥሁ።

«እየሰማኸኝ ነው?»

«አዎ። ቁጥር አልጽፍም።»

ቀጥላ ስለ ሌላ ነገር፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚሄድ መሰለኝ፣ መናገር ጀምራ ነበር። የሙሽራው አባት ገቡና ርግቧን ከትከሻዬ አውርድ ብለው ተቆጡ። እታለም ሳቀች። ከሽንዲ ስመለስ አሳይሃለሁ ብላኝ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ለሥልጠና ወደ ሽንዲ ስትሄድ፣ ከቡሬ ወዲያ፣ የተሳፈረችበት ሞተር ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። ስለዚያ ቀን ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የአርባዋ ነገር ተነሣ። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ድጓ ያስተምራሉ። ታናሽ ወንድማቸው አያ ፈንቴ ደግሞ ወሬ የሚባል ትምህርት ቢኖር ሊቅ ነበሩ። አያ ፈንቴ ሰንጋ ካልወደቀ አርባ አይባልም፣ አገሩ ምን ይለናል ብለው ተነሡ። አባየ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ዳቦና ንፍሮ ይኑር። ልጄ ግን ለተማሪዎቿ ቃል ገብታ ነበር። ፈተናቸው ሳይደርስ መጽሐፏን ልትሰጣቸው። አርባዋ እሱ ይሁን። በዕለቱ ሁለቱም መጻሕፍት ታትመው በተማሪዎቿ እጅ ይግቡ።»

አያ ፈንቴ ሰንጋው ከቀረ መጽሐፉ ላይ የሕይወት ታሪኳ ይግባ፣ እሱንም እኔ ነኝ የምናገረው አሉ። ተስማሙ። ከዚያ ማን ያዘጋጀዋል ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለለቅሶ የመጣ መምህር አንዷለም የሚባል የእታለም ጓደኛ ነበር። ጠጋ ብሎ የመጽሐፉ ቅጂ እኔ ጋ አለ፣ በየእሑዱ ትልክልኝ ነበር፣ ልርዳህ አለኝ። እኔም አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ አልሁት። እኔ አለሁ ብዬ ያልተጸጸትሁበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ላፕቶፗን ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ዝርክርክ ነው። የተማሪው መጽሐፍ የሚል አንድ ስም አምስት ዓይነት ጅራት ተቀጥሎለት ተደርድሯል። የመልሱም እንዲሁ። እታለም ቤቷ ከመስተዋት የጠራ ነበር፤ ኮምፒውተሯ እንዲህ ሆኖ ሰው ቢያየው ምን ይላል? በእኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ሳይገባ ቤት ይጠረጋል። እኔም ጠረግሁ። ዋናዎቹን ብቻ ትቼ ጅራታሙን ሁሉ ሰረዝሁት። የቆሻሻ ቅርጫቱንም አራገፍሁት። ለእኅቴ ያደረግሁላት የመጀመሪያው መልካም ሥራ ይሄ ነው ብዬ ተደሰትሁ።

ከዚያ በአጭሩ ልጀምር ብዬ የመልሱን መጽሐፍ አስኬድሁት፤ ቀጭን ስለሆነ ነው የመረጥሁት። ወጣ። ያማረ ነበር። ሳነበው ግን እንዲህ ይላል፦ «የጥያቄ ?? መልስ። በተማሪው መጽሐፍ ገጽ ?? ያለውን ሥዕል ይመልከቱ። ዘዴው ከጥያቄ ?? ጋር ተመሳሳይ ነው።»

ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድርብ የጥያቄ ምልክት ነው። ቁጥር መሆን የነበረበት ቦታ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። አያ ፈንቴ የሕይወት ታሪኩን ሊያስጽፉኝ ሲመጡ አንዱን ገጽ አንሥተው በመነጽራቸው በኩልም ከመነጽራቸው በላይም አዩት።

«ይህ የመልስ መጽሐፍ አላላችሁም?»

«ነው።»

«ታዲያ ከእኛ የበለጠ የሚጠይቀው እሱ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ስነግራችሁ አትታዘቡኝ። ቁጥሮቹን በእጄ ጻፍኋቸው። ቃሏን አልረሳሁም፤ ቃሏ እዚሁ ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን እሷ እንዳልጽፍ ያዘዘችኝ ቁጥሮቹ በራሳቸው የሚመጡ ከሆነ ነው፣ ካልመጡ ምን ላድርግ አልሁ። ሰነፍ ሰው መማር ሲከብደው ጉልበቱን ያወጣል። የተማሪውን መጽሐፍ በግራ፣ የመልሱን በቀኝ ዘርግቼ፣ ጥያቄ ከመልስ በጣቴ እያገናኘሁ፣ ስም በተጠራበት ቦታ ሁሉ ስሙን አጥፍቼ ቁጥር ተከልሁ። ብዙ ቀን ፈጀብኝ። የሱቁ ደንበኞች ፎቶ ኮፒያቸውን ራሳቸው አንሥተው ይሄዱ ነበር። ሲያልቅ ቀና ብዬ፣ እታለም ይህን ሁሉ ትእዛዝ ከመጻፍ ለምን ከመጀመሪያው እንዲህ አላደረገችም ብዬ አዘንሁላት። አስቡት፤ እሷን ነው ያዘንሁላት።

ቀጥሎ የአያ ፈንቴ የሕይወት ታሪክ ገባ። የእታለም መሆኑ ነው እንጂ ስድስት ገጽ ሙሉ የእርሳቸው ነበር። እታለም የተወለደችው አያ ፈንቴ በቅሎ ጠፍታባቸው ሲፈልጉ በነበሩበት ቀን ነው። ትምህርት ቤት የገባችው አያ ፈንቴ ከቡሬ የእህል ገበያ በተመለሱበት ሳምንት ነው። ዲግሪዋን ስትቀበል አያ ፈንቴን ወገባቸውን አሟቸዋል። እንዳለ ጻፍሁት። የት እንደማስገባው ሳስብ የሰው ታሪክ መጀመሪያ ላይ ነው የሚሆነው ብዬ ምዕራፍ አንድ አደረግሁት።

ያኔ ምዕራፍ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። ሁለቱ ሦስት ሆነ። ሁሉም አንዳንድ ቤት ገፋ ብሎ ተቀመጠ። በተማሪው መጽሐፍ ውስጥ እኔ ያልደረስሁባቸው፣ እታለም በስማቸው የጠራቻቸው ቦታዎች ነበሩ። እነዚያ መጽሐፉን ደጋግሜ ሳስኬደው አዲሱን ቁጥር ይዘው ከች አሉ። እኔ የተከልኋቸው ግን እንደ ተከልኋቸው ቆመው ቀሩ። ያልነካሁት ሁሉ ልክ ሆነ፤ የነካሁት ሁሉ ተሳሳተ። ስለ ራሴ እንዲህ ግልጽ የሆነ ማስረጃ አይቼ አላውቅም።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁም። ሌላ ሥራ ይዤ ነበር። ከሕይወት ታሪኩ ግርጌ «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» የሚል መስመር ላስገባ ፈለግሁና፣ ለሁለቱም መጻሕፍት አንድ ጊዜ ብጽፈው ይበቃል ብዬ ሁለቱ የሚካፈሉትን ፋይል ከፈትሁ። እዚያ ውስጥ ጥያቄ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሚያዝ ቦታ አለ። እኔ ምን አውቄ፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር ጻፍሁት። ላቴክም የታዘዘውን አደረገ። በሁለቱም መጻሕፍት፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ።

ይህን ያገኘችው ሃይማኖት ናት። ሃይማኖት የእታለም ተማሪ ነች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ። መጽሐፉን ቀድማ እንድታየው አንድ ቅጂ ሰጥቻት ነበር። በማግስቱ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ነገሩን በትሕትና ነው የጀመረችው። አንድ ገበሬ ሦስት ማዕዘን ማሳ አለው፣ የማሳውን ስፋት ፈልግ፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር ይላል አለችኝ። ቀጥሎ ያለው የውኃ ጋን ነው፣ እሱም ነፍሷን ይማር ተብሏል። ሁለት መስመሮች ተቋርጠው የሚሠሩት ማዕዘንም አልቀረለትም። አንብባ ስትጨርስ ማሳው ሁሉ ለቅሶ ቤት መስሏት ነበር።

«እሱስ ይሰረዛል» አለች። «የጥያቄው መልስ ግን? የሦስት ማዕዘኑን ማሳ ስፋት ብሎ ልኮኝ ሄጄ ሳየው ‘አሥራ አንድ ተማሪዎች’ ይላል።»

«አንዱ ተዛንፎ ይሆናል።»

«ሁሉም ነው የተዛነፈው ጋሼ። መምህርት ቁጥር በእጇ አትጽፍም ነበር።»

ጋሼ የሚሉኝ የእኅቴ ተማሪዎች አክብረውኝ ነው፤ በዕድሜ ብዙ አንበላለጥም። ያን ቀን ግን ጋሼ መባል እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። እነዚህ ልጆች የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ገና አላዩአቸውም። ፈተናቸው ደርሷል። አርባዋ ሊሆን አራት ቀን ቀርቶታል። እኅቴ ቃል የገባችበትን ነገር እኔ በእጄ፣ አንድ በአንድ፣ በጣቴ እያመለከትሁ አበላሽቼዋለሁ።

ለአባየ ልንገራቸው ብዬ ወደ ገጠር ወጣሁ። በደጀ ሰላሙ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማስደንገጥ ስላልፈለግሁ ኮምፒውተሩ አስቸግሮ ነው ብዬ ዳር ዳር አልሁ። አባየ ዳር ዳሩን ትተው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ድርብ የጥያቄ ምልክቶቹ የነበሩበትን የመጀመሪያውን ቅጂ ነበር የያዝሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እዚህ ቦታ የሌላው መጽሐፍ ቁጥር መምጣት ነበረበት። ስሙን ጠርታዋለች። አልመጣም።»

አባየ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አትሮኖሱ ላይ ያለውን ድጓ ወደ እኔ አዞሩት። ከዋናው ጽሕፈት በላይ፣ በቃላቱ ራስ ላይ፣ ደቃቅ ፊደሎች ተቀምጠዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻቸዋለሁ። ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ይህን ማለቴ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

«ይቺ ፊደል ራሷ ዜማ አይደለችም» አሉኝ። «የሌላ ዜማ ስም ናት፣ አሳጥረው የጻፏት። ያንን እንዳዜምኸው ይህንንም አዚመው ማለቷ ነው። ያንን ያልተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ ምን ይሆናል?»

«ዝም ይላል።»

«ወይም እንዳንተ ከልቡ አውጥቶ ይሞላል።»

ተማሪዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አባየ አልሳቁም። የመልሱ መጽሐፍ ስም የሚጠራው ከማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ከተማሪው መጽሐፍ አልኋቸው። የተማሪው መጽሐፍ ቀድሞ ተሰናድቶ ነበር ወይ አሉኝ። አልነበረም። የተሰናዳበትንም ምልክት፣ ያን ጅራታሙን ሁሉ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ሰርዤዋለሁ አልሁ።

«ታዲያ ማንን ይጥራ?»

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመክረኝ እንዲህ አይገባኝም ነበር። ያን ቀን ሰኞ ልትነግረኝ የጀመረችው ይህንኑ ነበር፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚሄድ።

አባየ መጽሐፉን ወደ ቦታው እየመለሱ ስለ እታለም አወሩኝ። ልጅ ሳለች እንዝርቷን ይዛ ከአጥሩ ወዲያ ትቀመጥ ነበር አሉ። አንድ ቀን ‘አባየ፣ እነዚህን ምልክቶች ለምን እንዲህ አሳጠሯቸው?’ ብላ ጠየቀቻቸው። አንድ ጊዜ የተማሩትን ሁለት ጊዜ ከመጻፍ ቢጠሩት ይሻላል ብለው ነው አልኋት አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ወንዶቹ ተማሪዎች ሲሳሳቱ ከአጥሩ ወዲያ የምልክቱን ስም ሹክ ትላቸው ነበር። አባየ እየሰሙ ዝም ይሉ ነበር።

«ሒሳብ ከየት አመጣችው እያሉ ሲጠይቁኝ እኔም አላውቅም እል ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው ቀጥሉ አሏቸው።

ዘዴው ገባኝ እንጂ መጽሐፉን ማዳን አልቻልሁም። ስሞቹን በገዛ እጄ ደምስሻለሁና የሚጠራ የለም። ስለዚህ በማግስቱ አፍሬም ቢሆን ሚኒባስ ተሳፍሬ በማንኩሳ በኩል ቡሬ ወረድሁ። ከመናኸሪያው በባጃጅ ግቢው ደጃፍ ደረስሁና መምህር አንዷለምን አስጠራሁት። ሁሉንም ነገርሁት። ነፍሷን ይማር የተባለው የውኃ ጋን ላይ ስደርስ ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ግን ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን መጥረጉ አላለቀም።

«እኛ እሷን ቀበርን፣ አንተ ማጣቀሻዋን» አለኝ።

የመጨረሻው እሑድ የላከችለትን ቅጂ ከፈተው። እኔ ነካክቼ ሳላየው ያለፍሁትን ያኔ ነው ያየሁት። ለጥያቄዎቹ ያወጣችላቸውን ስሞች። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል ነው የጻፈቻቸው። ሲታተሙ አይታዩም፤ መጽሐፉን የሚያስኬድ ሰው ካልሆነ ማንም አያያቸውም። የክቡን ጥያቄ «የአባየ ጥምጥም» ብላዋለች። ተዳፋት የሚሰላበትን «የማንኩሳ ቁልቁለት» ብላዋለች። እየተደመረ የማያልቅ የቁጥር ሰልፍ አለ፤ እሱን «የአያ ፈንቴ ወሬ» ብላዋለች። አንዷለም ይህኛው ላይ ደርሶ እንደገና ሳቀ። እኔ ግን ስም በስም እያነበብሁ ሄድሁ። መላ ቤታችን እዚያ ነበር። አገሬው መምህርት የዝና ኮስታራ ናት ይላል። እንዲህ እየተጫወተች ነበር ለካ የምትኮሳተረው።

አንዷለም የተማሪውን አስኬደ፤ ቀጥሎ የመልሱን፤ እንደገና የተማሪውን፤ እንደገና የመልሱን። የሕይወት ታሪኩንም ቁጥር በሌለው መግቢያ አድርጎ አስገባልኝ፤ አያ ፈንቴ በቅሏቸውን እስከ መጨረሻው እንዲፈልጓት ምንም አልቀነስንባቸውም። ድርብ የጥያቄ ምልክቶቹ ገጽ በገጽ ቁጥር ሆኑ። ሐሙስ የታመመ ከብት ቅዳሜ ሲነሣ አይቻለሁ፤ እንዲህ ግን አልገረመኝም።

አንድ ብቻ ቀረ። በመልሱ መጽሐፍ መጨረሻ፣ በምዕራፍ ዘጠኝ። «የጥያቄ ?? መልስ፦ በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር። 5 ያለ ሁሉ ተሳስቷል፤ ሰው ዳገቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከቁልቁለቱ ይበልጣል።»

አንዷለም ደጋግሞ አስኬደው። አልጠፋም። ስሙን ፈለገው። ጥያቄው የለም። መልሱን አስቀድማ ጽፋ ጥያቄውን ሳትጽፈው ነው የሄደችው። የጠራችው ስም «ታናሼ» ይላል።

አንዷለም ቀስ ብሎ መልሱን እንሰርዘው፣ ማንም አያውቅም አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን እስከ ነገ ተወው አልሁት። ቅጂውን በፍላሽ ይዤ የመጨረሻውን ሚኒባስ ደርሼበት ተመለስሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከሌላው ቀን ቀድሜ ከፈትሁ። በተበላሸ የሠርግ ካርድ ጀርባ ላይ ጥያቄ መጻፍ ጀመርሁ። ለመልስ ጥያቄ መፈለግ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ ይህን አወጣሁ፦ አንድ ሰው ከከተማ ወደ አባቱ ቤት በእግሩ ይሄዳል። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዳገት ነው። ሲወጣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዚያው መንገድ ሲመለስ ቁልቁለት ስለሆነ በሰዓት 6። ጉዞው ሁሉ በአማካይ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ራሴ ሠራሁት። አራትና ስድስት ሲደመሩ አሥር፤ ለሁለት ሲካፈል 5።

ከዚያ የጻፈችውን እንደገና አነበብሁ። 5 ያለ ሁሉ ተሳስቷል። ስሙን ለምን እንዳወጣችው ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስታስጠናኝ የት ላይ እንደምወድቅ ታውቃለች።

እንደገና ጀመርሁ። ሲወጣ ሦስት ሰዓት። ሲወርድ ሁለት። አምስት ሰዓት ነው። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ለአምስት። 4.8 ወጣ። ጥያቄውን ምዕራፍ ዘጠኝ መጨረሻ ላይ አስገብቼ ስሙን ሰጠሁት።

ሃይማኖት ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ጎራ አለች። ምንም ሳልላት ጥያቄውን ሰጠኋት። ቆማ በጭንቅላቷ ሠራችው።

«4.8» አለች። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አየችው። «የመምህርት ግን አይመስልም። እሷ ቃል አታበዛም።»

«የቤተሰብ ነው» አልኋት።

«ልክ ነው ግን።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው ጋሼ።»

የተማሪውን መጽሐፍ አስኬድሁ። የመልሱን አስኬድሁ። እንደገና ሁለቱንም። ማተሚያው ላይ አዲስ እሽግ ወረቀት ሞላሁ፤ ሃይማኖት ደብተሯን አስቀምጣ የወጣውን ገጽ እየተቀበለች መደርደር ጀመረች።